ወፍጮ ወቃሪው ጠላ የጠመቀ ጊዜ

ወልደተንሣኤ የሚያውቀው ድንጋይ ነበር። ከአንኮበር ከፍ ብሎ፣ ውርጭ በማይለየው ደጋ ላይ ቤታችን አጥር ለአጥር ስለነበር ጠዋት ጠዋት የምንነሣው በመዶሻው ድምፅ ነው። ከገደሉ አፍ ጥቁር ድንጋይ ፈልፍሎ ያወጣል፤ በመሮ ጠርቦ ወፍጮና መጅ ያደርገዋል፤ ያለቀውን በአህያ ጭኖ ቁልቁል አሊዩ አምባ ገበያ ይወርዳል። የድንጋይ አጥር ሲያጥርም በሁለት ድንጋይ መሐል ምላጭ አይገባም። በዚህ በጣም ይኮራ ነበር። "የእኔን ግንብ እንኳን ሌባ ነፋስም አይሾልከውም" ይላል።

ሚስቱ በሰለች ደግሞ የምትታወቀው በጠላዋ ነው። ጥቁር ሆኖ የጠራ፣ አፍ ላይ ከረር ብሎ ጉሮሮ ላይ የሚለሰልስ ጠላ ነበራት። በሰፈራችን ሠርግ ሲደገስ እሷ ሳትጠራ ጋን አይታጠንም። ወልደተንሣኤ ከሥራ ሲገባ ትቀዳለታለች፤ ይጠጣል፤ "እሰይ" ይላል፤ ይደግማል። እንዴት እንደሚሠራ ጠይቋት አያውቅም። ጠላ ለእሱ ከጋን የሚቀዳ ነገር ነው፣ ውሃ ከምንጭ እንደሚቀዳው።

መሠረተ ትምህርት ተብሎ ሽማግሌውም አሮጊቱም ከልጅ ልጁ ጋር ፊደል በሚቆጥርበት ዘመን፣ በነሐሴ፣ በሰለች እንጨት ለቅማ ስትመለስ ደጃፏ ላይ ወደቀች። ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። አንደበቷም ተያዘ። ጠበልም ሞከርን፣ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤትም ወሰድናት፤ ነፍሷ ተረፈች፣ ቃሏ ግን አልተመለሰም። ከዚያ ወዲያ ከመደቡ ላይ ሆና በዓይኗ ብቻ ቤቱን ትዞራለች። ሰላ ድንጋይ ወደሚባል አገር አግብታ የሄደችው ልጃቸው አራስ ስለነበረች መጥታ ልታስታምም አልቻለችም።

ነገሩን የከፋ ያደረገው ጽዋው ነው። እኛ ሰፈር የሚካኤልን ጽዋ በዓመት ሁለቴ፣ በሰኔና በኅዳር እንጠጣለን። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ የተቀበለ ሰው በተራው ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ደፍቶ ያወጣዋል። ማውጣት ያቃተው ቤት ይታለፋል። አንዴ የታለፈን ቤት ማንም በአፉ ባይናገረውም እንደ ፈረሰ ቤት ነው የምናየው። በሰለች ጽዋውን የተቀበለችው በሰኔ፣ በደኅና ጤናዋ፣ እልል እያለች ነበር። አሁን ከራስጌዋ ተሰቅሏል፤ ኅዳር ደግሞ ደርሷል።

የማኅበሩ ሙሴ፣ የጽዋው አለቃ አቶ ኃይለ ገብርኤል አንድ ቀን ጠዋት መጡ። ሊጠይቋት ነው የመጡት፤ ቅን ሰው ናቸው። ትንሽ ተቀምጠው ወደ ጽዋው አዩና፣

"ወልዴ፣ ሰው ሲታመም ደንብ ይላላል" አሉት። "ጽዋውን ልውሰደውና ዘንድሮ በእኔ ቤት እናውጣው። ሚካኤል አይቀየምም።"

ከተቀመጡበት ተነሥተው እጃቸውን ወደ ግድግዳው ሲሰዱ የበሰለች ቀኝ እጅ ከጋቢው ሥር ወጣ። የጨርቁን ጫፍ ያዘች። ድምፅ የላትም፤ እንባዋ ብቻ በጉንጯ ወርዶ ጆሮዋ ውስጥ ይገባል። አቶ ኃይለ ገብርኤል ደንግጠው እጃቸውን መለሱ። ጨርቁን ግን አልለቀቀችም።

ወልደተንሣኤ ተነሥቶ ቆመ። "አይነካም" አለ። "የሚካኤል ዕለት ከዚህ ቤት ይወጣል።"

"በማን እጅ?"

"ዳቦውን ይመኙሻል ትደፋልኛለች። ጠላውን እኔ እጠምቃለሁ።" ይመኙሻል ያለው እኔን ነው።

አቶ ኃይለ ገብርኤል ሳቃቸው መጣባቸው። "አንተ? የጋን አፉ በየት በኩል እንደሆነ ታውቃለህ?"

"ሲቀዳልኝ አይቻለሁ።"

"እንግዲህ ይሁን። ጠላው ካልደረሰ ግን ያለ ክርክር ጽዋው ይሄዳል።"

"ይሄዳል" አለ ወልደተንሣኤ። ሚስቱን አላያትም።

ሙሴው ሲወጡ "እኔ ልጥመቅልህ፣ ምን አደከመህ?" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

"ባለፈው ሳምንት ያመጣሽላትን ጠላ ከንፈሯን ገጥማ አልነበር የመለሰችው? የሰው ጠላ አትቀምስም። ከጋኗ ካልወጣ ጽዋው የሷ አይደለም፣ ይመኙ። የኔም እጅ ያው የሷው እጅ ነው፤ ሠላሳ ዘመን ያበላችው እጅ ነው።"

ወሬው ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደርሷል። "ወልዴ፣ ቀሚስ እናሰፋልህ?" ይሉታል። "አሰፉልኝ፤ መቀነቱም እንዳይቀር" ይልና ያልፋል።

መጀመሪያ ብቅል ነው። ገብሱን ዘፈዘፈ። በሰለች መናገር ስለማትችል ሁሉን ነገር እያነሣ ወደ አፍንጫዋ ይወስዳል። ካሸተተች በኋላ ዓይኗን ቀስ አድርጋ ከከደነች እሺ ማለት ነው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ ካዞረች እምቢ። የዘፈዘፈውን ገብስ አሸተታት፤ ከደነች። በኮባ ቅጠል ጠቀለለው፤ የሚጫነው ድንጋይ ፍለጋ ወጣና ሁለት ሰው የማያነሣው ጥርብ ድንጋይ ይዞ ገባ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አነስ ያለ አመጣ፤ አዞረች። ሦስተኛውን ስታይ ከደነች።

ከቀናት በኋላ አጥር ላይ ቆሞ ጠራኝ። እሳት የተነሣ መስሎኝ ሮጥኩ። ኮባውን ገልጦ ተንበርክኳል። ገብሱ ነጭ ነጭ ሥር አውጥቶ እርስ በርሱ ተያይዟል፤ እንፋሎት አለው።

"ሞቋል እኮ! እሳት ማን አገባበት?"

"ራሱ ነው እንዲህ የሚሞቀው።"

"ድንጋዩን ደግሞ አንሥቶታል። እዪ፣ ዘሞ ነበር።" እጁን ገብሱ ውስጥ አገባ። ያ እጅ የተሰነጣጠቀ፣ ጥፍሩ በመዶሻ የጠቆረ እጅ ነው። "ዕድሜ ልኬን ድንጋይ ስደባብስ አንዱም ሥር አውጥቶብኝ አያውቅም" አለ፣ እንደ ቅዳሴ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጌሾውን ለመግዛት አሊዩ አምባ ወረደ። እዚያ ዓወል የሚባል ነጋዴ ወዳጅ ነበረው፤ በርበሬም፣ ጨውም፣ ጌሾም ይሸጣል። ሲመለስ የነገረንን ነው የምጽፈው።

"ዛሬ ወፍጮ የለም እንዴ?" ይለዋል ዓወል።

"ዛሬ ገዢ ነኝ። ደኅና ጌሾ ምረጥልኝ።"

"ጌሾ? በሰለች የት ሄዳ ነው አንተ የመጣኸው?" ሲነግረው ዓወል ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አሳልፎ፣ "አላህ ያሽራት። እሷ ስትመጣ እኮ ሌሎቹ ሴቶች ከኋላዋ ይሰለፉ ነበር" አለው።

"አንተ ታውቃለህ እንግዲህ፤ የቱ ነው ደጉ?"

"ወላሂ፣ እኔ ጠላ በአፌ ዞሮ አያውቅም! የጌሾ ጣዕም ከኔ ትጠይቃለህ?" ይልና ይስቃል። "የሷን ፊት ግን አውቃለሁ። ቅጠሉን በመዳፏ ታሸዋለች፣ ታሸታለች። ካስነጠሳት ትገዛለች። ካላስነጠሳት 'ዓወል፣ ይሄን ለፍየልህ ስጠው' ትለኛለች።"

ሁለቱ ሰዎች ከአንዱ ጆንያ ወደ ሌላው እየዞሩ ቅጠል እያሹ ሲያሸቱ ገበያው ሁሉ ቆሞ አያቸው አሉ። አራተኛው ጆንያ ላይ ወልደተንሣኤ አስነጠሰው። "አልሐምዱሊላህ!" ብሎ ዓወል ጮኸ፤ አንድ ጭብጥም መርቆ ሰፈረለት።

ከዚያ ወፍጮ መጣ። ገብሱን አሻሮ አድርጎ ቆላው፤ የመጀመሪያውን አሳረረው፣ ፊቷን አዞረች፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ፤ በሦስተኛው ቡናማ ሲሆን ከደነች። የቆላውንና ብቅሉን ይዞ ጓዳ ገባ፤ ራሱ ጠርቦ ራሱ ወቅሮ ለሚስቱ የሰጣት ወፍጮ ፊት ተንበረከከ። ስንት ወፍጮ ከእጁ ወጥቷል! ከአንኮበር እስከ ደብረ ሲና ብዙ ቤት የሚፈጨው በእሱ ድንጋይ ነው። እሱ ግን አንዲት ጭብጥ እህል ፈጭቶ አያውቅም።

ዳቦ የምደፋበትን ዱቄት ልሰፍር ስገባ ጋቢውን ጥሎ፣ በላብ ተነክሮ፣ መጁን እንደያዘ ተቀምጦ አገኘሁት። ከፊቱ ያለው ዱቄት ሁለት እፍኝ አይሞላም።

"ይሄን ነው ለካ ስሸጥላችሁ የኖርኩት?" አለኝ።

"ምነው፣ ድንጋዩ መጥፎ ነው?"

"ድንጋዩ ጥሩ ነው። ወገቤ ነው የሞተው።" ወደ መደቡ ዞሮ አየ። "በሴ፣ ይሄን በየሳምንቱ አድርገሽ ማታ ደግሞ እግሬን ታጥቢኝ ነበር?"

በሰለች አየችው። ዓይኗን አልከደነችም፣ ፊቷንም አላዞረችም። ረጅም ጊዜ አየችው። እሱ ቀድሞ አንገቱን ደፋና ወደ ወፍጮው ተመለሰ። ያን ዕለት መሽቶ ዓይን እስኪይዝ ፈጨ፤ "ላግዝህ" ብለው እምቢ አለኝ።

ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጠበ፤ በወይራ ጭስ አጠነ። እዚህ ላይ ትንሽ አበዛው፤ ቤቱ እስኪታፈን ነው ያጠነው። የተወቀጠውን ጌሾ በውሃ ጠነሰሰ፤ ሰንበት ብሎ ብቅሉንና የተቆራረሰ ቂጣ ጨመረ፤ በመጨረሻ አሻሮውን አስገብቶ ወፍራም ድፍድፍ አደረገው። ውርጩ ጊዜው ስለነበር ለራሱ የሚለብሳትን ባና ጋኑ ላይ ደርቦ እሱ በነጠላ ጋቢ ይንቀጠቀጣል። በማግሥቱ እንደገና የአጥር ጥሪ።

"ይመኙ፣ ነይ ስሚ! ሰው አለበት!"

ስገባ ጆሮውን ጋኑ ሆድ ላይ ለጥፏል። እኔም ለጠፍኩ። ጠላ ስጠምቅ ኖሬ ጆሮዬን ጋን ላይ አስጠግቼ አላውቅም ነበር። ውስጡ ያንሾካሹካል። ብዙ ሕዝብ ሩቅ ሆኖ ዳዊት እንደሚደግም፣ ቃሉ የማይለይ፣ የማያቋርጥ ድምፅ ነው። ተያየን። ለካስ ስንት ጊዜ ይህን ድምፅ ረግጬ አልፌዋለሁ።

"ማነው የሚናገረው?" አለኝ።

"ድፍድፉ ነው። ሲፈላ ነው።"

"እሳት የለ፣ ምን የለ!" ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓዳ ሲገባ ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር።

ሚካኤል ሲቃረብ ውሃውን ሞላበትና ጋኑን ሊከድን ሆነ። እኛ ሴቶች መጀመሪያ ላላ አድርገን እንከድነዋለን፤ ግፊቱ ሲበርድለት ነው አፉን በጭቃ የምንመርገው። ይህን ማንም አልነገረውም፤ ለእኛ እንደ መተንፈስ ያለ ነገር ስለሆነ የሚነገርም አልመሰለን። ወልደተንሣኤ ደግሞ መግጠም ያውቃል። ለጋኑ አፍ ልክ የሆነ ክዳን ከድንጋይ ጠረበ። ጭቃውን ከአመድና ከጭድ ጋር ለወሰ። ዙሪያውን መረገ፣ በጣቱ አለሰለሰ፣ ከላይ መጅ ጫነበት። ምላጭ አይገባበትም።

በሰለች ከመደቡ ላይ ቀኝ እጇን አነሣች። ጣቶቿን ከፈተች፣ ጨበጠች፤ ከፈተች፣ ጨበጠች። ፊቷንም ወደ ግድግዳ አዞረች። እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶ የሠራውን እያደነቀ ነበር። ዘወር ሲል እጇን ብቻ አየ። "አጥብቀው ማለቷ ነው" ብሎ አንድ መጅ ጨመረበት፤ ባናውን ደረበ፤ ጋኑን ወደ ምድጃው አስጠጋ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ ሁላችንም ትልቁ ጽድ ሥር ተቀምጠን ስለ ምርት እየተነገረን ሳለ ከወልደተንሣኤ ቤት በኩል "ጓ!" የሚል ድምፅ መጣ። ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተኛ። የማኅበሩ ታጣቂ ይሁኔ ጠመንጃውን አቀባብሎ "ቦምብ ነው! ማንም እንዳይነቃነቅ!" ብሎ ጮኸና ሮጠ። ወልደተንሣኤ ግን ቀድሞት ነበር። "በሴ!" እያለ ነው የሚሮጠው፤ እንዲያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም።

ከኋላ ደረስን። በሩ ተበርግዷል። ጋኑ ለሁለት ተከፍሏል፤ መጁ ግድግዳውን ቦርቡሮ ወድቋል፤ ድፍድፉ ጣሪያው ላይ፣ ምሰሶው ላይ፣ ባናው ላይ ተለጥፎ ይንጠባጠባል። ይሁኔ አፈሙዙን ወደ ጓዳው አዙሮ "እጅ ወደ ላይ!" አለ። ማንም የለም።

"ማንን ነው የምትማርከው? አተላውን?" አለችው ከኋላችን የነበረችው ወይዘሮ ባፈና።

በዚያ መሐል ብዙ ጊዜ ያልሰማነውን ድምፅ ሰማን። ከመደቡ ላይ ነው። በሰለች ፀጉሯ ላይ የጌሾ ቅጠል ተለጥፎ፣ ሆዷ እየተርገፈገፈ ትስቃለች። ከነሐሴ ወዲህ ከዚያ ጉሮሮ ምንም ወጥቶ አያውቅም። የሰለለ፣ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ሳቅ ነው፤ ግን የሷ ሳቅ ነው፣ ሠርግ ቤት የምናውቀው። ይሁኔ ጠመንጃውን አወረደ። ሴቶቹ ማተባቸውን ያዙ። ወልደተንሣኤ መሐል ቤት ቆሞ ቀረ፤ ከጣሪያው የወረደበት ድፍድፍ ከጢሙ ይንጠባጠባል።

"ሳቂ" አላት። "ሳቂ፣ በሴ። ሌላም ጋን እሰብርልሻለሁ።"

ሳቋ ሲበርድ ቀኝ እጇን አነሣች፤ ከፈተች፣ ጨበጠች። አሁን በደንብ አያት። ከዚያ የተሰበረውን ጋን አየ፤ የገዛ ደረቱን አየ፤ ደረቱ ከሩጫው የተነሣ ይነፋል፣ ይሟሽሻል።

"መተንፈሻ" አለ። "መተንፈሻ ነው ያልሽኝ። ድንጋይ እኮ አይተነፍስም፣ በሴ። እኔ ምኑን ልወቀው!"

ሚካኤል ደርሷል፤ አዲስ ለመጠንሰስ ጊዜ የለም። አቶ ኃይለ ገብርኤል ወደ ጽዋው አንዴ አዩና ወጡ። በጋኑ የታችኛው ስባሪ ውስጥ ግን ያልፈሰሰ ድፍድፍ ቀርቶ ነበር። ወልደተንሣኤ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎ አነሣው፤ ከበሰለች እንስራዎች አንዱን አጥኖ ገለበጠው፤ ውሃ ጨመረ፤ አፉን በቅጠል ብቻ ሸፈነ። ከዚያ ከአጠገቡ አልተነሣም። መሮና መዶሻው ደጅ ላይ ውርጭ ሲወርድባቸው ሰነበቱ።

የሚካኤል ዕለት ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ሁሉም የመጣው ጽዋው ሲሄድ ለማየት ይመስል ፊቱን አጥቁሯል። ቄሱ ዳቦውን ባረኩ። ወልደተንሣኤ ማሰሮ ይዞ ከጓዳ ወጣ፤ ወገቡን በሚስቱ መቀነት አሥሯል። አንድም ሰው አልሳቀም። አቶ ኃይለ ገብርኤል ዘንድ ሲደርስ ሊቀዳላቸው ጎንበስ አለ።

"አስቀድመህ ቅመስ እንጂ" አሉት። "ቀጂ ሳይቀምስ ለሰው ይቀዳል?"

ወልደተንሣኤ በመዳፉ ጠብ አደረገ። ወደ አፉ ግን አልወሰደውም። ዞሮ፣ እንዳይፈስበት ጣቶቹን ገጥሞ፣ ሰዉን አልፎ ወደ መደቡ ሄደ። ራሷን ቀና አድርጎ መዳፉን ወደ ከንፈሯ አስጠጋ። የሰው ጠላ የማትቀምሰው በሰለች ከዚያ ጥቁር፣ ከተሰነጣጠቀ እጅ ላይ ጠጣች። አፏ ውስጥ ይዛው ቆየች። አፍንጫዋን ትንሽ ሸበሸበችው፤ የወይራው ጭስ በዝቷል። ከዚያ ዋጠችና ዓይኗን ቀስ አድርጋ ከደነች።

ወልደተንሣኤ መሬት ላይ ተቀመጠ። ማሰሮውን ከእጁ ወስጄ እኔ ነኝ የቀዳሁት። ለሰው ሁሉ አንድ አንድ ዋንጫ ብቻ ነበር የደረሰው፤ ሳንሰክር የወጣንበት ሚካኤል ያ ብቻ ነው። አቶ ኃይለ ገብርኤል ጽዋውን ጠጥተው አፋቸውን ጠረጉና ተነሥተው ቆሙ።

"የበሰለች ቤት ጽዋውን አውጥቷል" አሉ። "ተራዋ እንደ ጥንቱ ነው።"

ቀጣይዋ ተረካቢ ወይዘሮ ባፈና ነበረች። ጽዋው በነጭ ጨርቁ ተጠቅልሎ በእልልታ ከቤቱ ሲወጣ በሰለች እጇን አልሰደደችም። ከትራሷ ቀና ብላ በዓይኗ እስከ በሩ ሸኘችው።

አቶ ኃይለ ገብርኤል በር ላይ ደርሰው ዞር አሉ። "ወልዴ፣ ጭስ ጭስ ይላል ግን።"

"ሌላ ቤት ሄደው ይጠጡ እንግዲህ!" አለ ወልደተንሣኤ ከመሬት ሳይነሣ፤ አንድ እጁን ሚስቱ ይዛዋለች።